ፖቶማክ፦ የፕሬዚዳንት ሩዝቬልት የሞተር መርከብ ከ1945 በኋላ ያሳለፈችው ዘመንና የተፈራረቁባት ባለቤቶች

በዩናይትድ ስቴትስ ካሊፎርኒያ ግዛት፣ በኦክላንድ ከተማ ጃክ ለንደን አደባባይ በሚባለው የወደብ ዳርቻ፣ ነጭ ቀለም የተቀባች አንዲት የሞተር መርከብ ታስራ ትገኛለች። ርዝመቷ 165 ጫማ ወይም 50 ሜትር ያህል ነው። ፖቶማክ ትባላለች። ስሟን ያገኘችው በዋሽንግተን ከተማ ጥግ ከሚፈሰው ወንዝ ሲሆን፣ ከ1936 እስከ 1945 ድረስ የ32ኛው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የፍራንክሊን ዴላኖ ሩዝቬልት የሽርሽርና የሥራ መርከብ በመሆን አገልግላለች። «ተንሳፋፊዋ ዋይት ሐውስ» በሚል ቅጽል ስምም ትታወቃለች። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተብሎ ካልተገለጸ በስተቀር፣ በጎርጎርዮሳዊው የዘመን አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ፖቶማክ የሚጻፉ ጽሑፎች በአብዛኛው በእነዚህ ዘጠኝ ዓመታት ላይ ያተኩራሉ። መርከቧ ግን ከሩዝቬልት ሞት በኋላ የክፍለ ግዛት መንግሥት ንብረት፣ የመንገደኞች ማመላለሻ፣ የታዋቂ ድምፃዊ ንብረት፣ የሆስፒታል ስጦታ፣ የአደገኛ ዕፅ አዘዋዋሪዎች መሸፈኛና በጉምሩክ የተያዘ ዕቃ ሆናለች። በመጨረሻም ከባሕር ሥር ወጥታ በ15 ሺህ ዶላር ተሸጣለች። ይህችው መርከብ ወደ ቀድሞ ገጽታዋ እንድትመለስ የወጣው ወጪ 5 ሚሊዮን ዶላር ደርሷል። በእነዚህ ሁለት አኃዞች መካከል ያለው ልዩነት የተፈጠረበት ሂደት የመንግሥት ንብረትን በማስተዳደር ሥራ ላይ ለተሰማሩ ሁሉ ትኩረት የሚስብ ነው።

ኮንትሮባንድ አሳዳጅ ሆና የተሠራች

መርከቧ ስትሠራ የፕሬዚዳንት መርከብ እንድትሆን ታስቦ አልነበረም። በ1934 በዊስኮንሲን ግዛት፣ በሚሺጋን ሐይቅ ዳርቻ በምትገኘው የማኒቶዎክ ከተማ የመርከብ መሥሪያ ለአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ አገልግሎት የተሠራች ስትሆን የመጀመሪያ ስሟም ኤሌክትራ ነበር። ንድፏ የተወሰደው በዚያ ዘመን የአልኮል መጠጥ ክልከላን ተላልፈው በባሕር መጠጥ የሚያስገቡ ኮንትሮባንዲስቶችን ለማሳደድ ከተዘጋጁት የጥበቃ መርከቦች ነው። በሁለት የናፍጣ ሞተሮች የምትንቀሳቀስ ሲሆን ቀፎዋ ሙሉ በሙሉ የብረት ነው።

ወደ ፕሬዚዳንቱ አገልግሎት እንድትዛወር ያደረጋትም ይኸው የብረት ቀፎ ነው። ሩዝቬልት ሥልጣን በያዙበት በ1933 ይገለገሉባት የነበረችው ሴኮያ የተባለችው መርከብ ከእንጨት የተሠራች ነበረች። ፕሬዚዳንቱ በ1921 በ39 ዓመት ዕድሜያቸው በደረሰባቸው የፖሊዮ ሕመም ምክንያት ያለ ድጋፍ መራመድ አይችሉም ነበር። በመሆኑም ከሁሉ አብልጠው የሚሰጉት የእሳት ቃጠሎን ነበር፤ እሳት ቢነሳ በራሳቸው እግር ሊያመልጡ አይችሉምና። ኤሌክትራ ለአሜሪካ ባሕር ኃይል ተላልፋ አስፈላጊው ለውጥ ከተደረገላት በኋላ በጥር ወር 1936 ፖቶማክ ተብላ ተሰየመች፤ በመጋቢት ወርም በይፋ ሥራ ጀመረች።

ከተደረጉላት ለውጦች ሁሉ የጎብኚዎችን ቀልብ ይበልጥ የሚስበው ከኋላ የሚታየው ጭስ ማውጫ ነው። ከሩቅ ሲታይ እንደ ማንኛውም የመርከብ ጭስ ማውጫ ይመስላል፤ ነገር ግን ጭስ ወጥቶበት አያውቅም። በውስጡ ያለው ፕሬዚዳንቱን ከታችኛው ወደ ላይኛው የመርከቧ ወለል የሚያወጣ አነስተኛ አሳንሰር ነው። አሳንሰሩ በኤሌክትሪክ አይሠራም። ሩዝቬልት ገመዱን በእጃቸው እየሳቡ ራሳቸውን ያወጡና ያወርዱ ነበር። ኤሌክትሪክ ቢቋረጥ ወይም ቃጠሎ ቢነሳ መሣሪያው እንዳይቆምባቸው የተደረገ ጥንቃቄ ነው።

የዘጠኝ ዓመታት አገልግሎት

ፕሬዚዳንቱ መርከቧን ለዓሣ ማስገር፣ ለቴምብር ስብስባቸውና ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር ለሚያደርጉት ጨዋታ ይጠቀሙባት እንጂ የመንግሥት ሥራም ከእርሳቸው ጋር ይጓዝ ነበር። በሰኔ ወር 1939 የእንግሊዝ ንጉሥ ጊዮርጊስ 6ኛና ንግሥት ኤልሳቤጥ አሜሪካን በጎበኙበት ወቅት ከዋሽንግተን ተነሥተው ወደ ቀድሞው የጆርጅ ዋሽንግተን መኖሪያ ወደ ማውንት ቨርነን የተጓዙት በፖቶማክ ነው። መጋቢት 29 ቀን 1941 ደግሞ ሩዝቬልት መርከቧ ፍሎሪዳ ላይ ቆማ ሳለ ከውስጧ በሬዲዮ ለሕዝብ ንግግር አድርገዋል።

ከሁሉም የሚልቀው ግን የነሐሴ 1941ዱ ጉዞ ነው። ነሐሴ 3 ቀን ፕሬዚዳንቱ በኮኔቲከት ግዛት በኒው ለንደን ወደብ ፖቶማክ ላይ ሲሳፈሩ ለጋዜጠኞች የተነገረው ለዓሣ ማስገር እንደሚሄዱ ነበር። በማግስቱ በማሳቹሴትስ ጠረፍ የኖርዌይ አልጋ ወራሽ ባለቤት የሆኑትን ልዕልት ማርታን በመርከቧ ተቀብለው አስተናገዱ። ነሐሴ 5 ቀን ጠዋት ማርታስ ቪንያርድ በተባለችው ደሴት አጠገብ ስትጠብቃቸው ወደነበረችው ኦገስታ ወደተባለችው የጦር መርከብ በምሥጢር ተዛወሩ። ፖቶማክ ግን የፕሬዚዳንቱን ሰንደቅ ዓላማ እያውለበለበች በኬፕ ኮድ የመርከብ መተላለፊያ በኩል ጉዞዋን ቀጠለች። ከመርከበኞቹ የተወሰኑት የሲቪል ልብስ ለብሰው ፕሬዚዳንቱንና እንግዶቻቸውን መስለው በላይኛው ወለል ላይ ተቀምጠው ነበር። በዳር ቆሞ የሚያየው ሕዝብ ሩዝቬልትን ያየ መስሎት እጁን ሲያውለበልብ፣ እርሳቸው በካናዳ አቅጣጫ ወደ ኒውፋውንድላንድ እየገሰገሱ ነበር።

በዚያም ከእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ከዊንስተን ቸርችል ጋር ከነሐሴ 9 እስከ 12 ከተወያዩ በኋላ፣ ነሐሴ 14 ቀን 1941 የአትላንቲክ ቻርተር የተባለው የጋራ መግለጫ ይፋ ሆኗል። ፕሬዚዳንቱ በፖቶማክ ተመልሰው ሜይን ግዛት ሮክላንድ ወደብ ሲደርሱ ጋዜጠኞች ይጠብቋቸው ነበር። የቻርተሩን መርሆዎች መሠረት ያደረገው የተባበሩት መንግሥታት መግለጫ በጥር ወር 1942 የተፈረመ ሲሆን፣ ኢትዮጵያም በዚያው ዓመት መግለጫውን ከተቀበሉት አገሮች ተርታ ተሰልፋለች።

አሜሪካ ወደ ጦርነቱ ከገባች በኋላ የፕሬዚዳንቱ የባሕር ሽርሽር ለደኅንነታቸው አስጊ ሆነ። በዚህም ምክንያት በ1942 በሜሪላንድ ተራሮች ላይ ሻንግሪላ የተባለ የማረፊያ ሥፍራ ተዘጋጀላቸው። ይህም ሥፍራ ዛሬ ካምፕ ዴቪድ በሚል ስም የሚታወቀው ነው። በሥፍራው ምግብ ያዘጋጁና ያስተናግዱ የነበሩት ፊሊፒናውያን የባሕር ኃይል ባልደረቦችም ከፖቶማክ የተዛወሩ ናቸው።

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የካቲት 6 ቀን 1937 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር በግብፅ ታላቁ መራራ ሐይቅ ላይ ከሩዝቬልት ጋር የተገናኙት ኩዊንሲ በተባለችው የጦር መርከብ ላይ ነበር። ፖቶማክ ይህን መሰሉን ረጅም ጉዞ አታደርግም፤ የጥበቃ መርከብ ሆና የተሠራች በመሆኗ በውቅያኖስ ላይ በእጅጉ እንደምትናወጥ ይነገርላታል። ሩዝቬልት ከዚያ ስብሰባ ሁለት ወራት በኋላ ሚያዝያ 12 ቀን 1945 አረፉ።

የመጀመሪያው ርክክብ

ተተኪው ፕሬዚዳንት ሃሪ ትሩማን ዊሊያምስበርግ የተባለችውን ትልቅ መርከብ በመምረጣቸው ፖቶማክ ለፌዴራሉ መንግሥት ትርፍ ንብረት ሆነች። በኅዳር ወር 1945 ከባሕር ኃይል አገልግሎት ተሰናብታ ለባሕር ጠረፍ ጥበቃ ተመለሰች፤ በ1946 ደግሞ ለሜሪላንድ ግዛት ተላለፈች። ግዛቱ መርከቧን ለዓሣ ሀብት ኮሚሽኑ በመስጠት በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ለቁጥጥር ሥራ አሰማራት፤ የግዛቱ አስተዳዳሪዎችም ይገለገሉባት ነበር።

ይህ የ14 ዓመታት ጊዜ በመርከቧ ታሪክ ውስጥ ብዙ አይወራለትም። ይሁን እንጂ ጠንካራ ጎን ነበረው። መርከቧ መደበኛ ሥራ፣ መደበኛ ባለሙያና መደበኛ በጀት ነበራት። በጨው ውሃ ላይ የሚኖር የብረት መርከብ ሥራ ሲፈታ ከሚሠራበት ጊዜ ይልቅ ፈጥኖ ይበላሻል። የነሐስ መግፊያና የብረት ቀፎ በጨው ውሃ ውስጥ አንድ ላይ ሲሆኑ ብረቱ በኤሌክትሪክ ኬሚካላዊ ሂደት ይበላል። ይህን ለመከላከል በቀፎው ላይ የዚንክ ጥፍጥፎች ይለጠፋሉ፤ ዝገቱ ብረቱን ትቶ ዚንኩን ይበላል። ዚንኩ አልቆ ካልተተካ ግን ተራው የቀፎው ይሆናል። ከዚህ ሌላ በመርከቡ ሥር የሚጠራቀመውን ውሃ የሚያወጡ ፓምፖች ኃይል ያስፈልጋቸዋል። ጠባቂ ሠራተኛ ከሌለ ፓምፑ መቆሙን እንኳ የሚያውቅ አይኖርም። አንድ መርከብ በየጊዜው ከውሃ ወጥቶ ታችኛው ክፍሉ እየተፋቀ ካልተመረመረ ከላይ አዲስ ቀለም ቢቀባም ከሥር እየተበሳ ነው።

በግለሰቦች እጅ

በ1960 ሜሪላንድ መርከቧን ለግል ባለንብረት ሸጠች። አዲሱ ባለቤት በካሪቢያን ደሴቶች መካከል መንገደኞችን ለማመላለስ አሰበ። በኋላም መርከቧ ወደ አሜሪካ ምዕራባዊ ጠረፍ ተወስዳ በካሊፎርኒያ ሎንግ ቢች ከተማ ቆመች። «የፕሬዚዳንቱ መርከብ» የሚለው ስም ጎብኚዎችን ይስባል የሚል ተስፋ ነበር፤ ገቢው ግን ወጪውን መሸፈን አልቻለም።

በጥር ወር 1964 መርከቧን በ55 ሺህ ዶላር የገዛት የ29 ዓመቱ ታዋቂ ድምፃዊ ኤልቪስ ፕሪስሊ ነው። የገዛት ሊሳፈርባት ሳይሆን ለበጎ አድራጎት ሊሰጣት ነበር። በመጀመሪያ የታሰበው ማርች ኦፍ ዳይምስ ለተባለው ድርጅት መስጠት ነበር። ይህ ድርጅት በ1938 በራሳቸው በሩዝቬልት አማካይነት የተመሠረተና ፖሊዮን ለመዋጋት የተቋቋመ በመሆኑ ምርጫው ተገቢ ይመስል ነበር። ድርጅቱ ግን ስጦታውን ሳይቀበል ቀረ። በሁለተኛ ደረጃ የቀረበለት የባሕር ጠረፍ ጥበቃ አገልግሎት የበጎ ፈቃድ አጋዥ ክፍልም አልተቀበለም።

ይህ ነጥብ ችላ ሊባል አይገባም። የፖሊዮ ሕሙማንን የሚረዳ ድርጅት በፖሊዮ የተጠቁ ፕሬዚዳንትን መርከብ በነፃ ሲሰጡት «አልፈልግም» ማለቱ ለታሪክ ደንታ ስለሌለው ነበር ማለት አይቻልም። መርከብን በስጦታ የተቀበለ ከዚያች ቀን ጀምሮ የወደብ ኪራይ፣ የጠባቂ ደመወዝ፣ የመድንና የጥገና ወጪ ይከፍላል። ለሕሙማን የተሰበሰበ ገንዘብ ደግሞ ለዚህ ሊውል አይችልም።

በመጨረሻም በየካቲት ወር 1964 ስጦታውን የተቀበለው የኤልቪስ መኖሪያ በሆነችው በሜምፊስ ከተማ የሚገኘው ሴንት ጁድ የሕፃናት የምርምር ሆስፒታል ነው። የሆስፒታሉ መሥራች የሆነው ተዋናይ ዳኒ ቶማስ ሎንግ ቢች ድረስ ሄዶ በፎቶግራፍ አንሺዎች ፊት ተረክቧታል። እንደሚነገረው ከሆነ ለርክክቡ ሥነ ሥርዓት ቀለም የተቀባው ፎቶግራፍ አንሺዎቹ የሚቆሙበት የመርከቧ ጎን ብቻ ነበር። ሆስፒታሉም መርከቧን ብዙ ሳይቆይ ሸጦ ገንዘቡን ለሥራው አዋለ። ከሆስፒታሉ አንጻር ሲታይ ውሳኔው ትክክል ነበር፤ የተቋቋመው ሕፃናትን ለማከም ነውና። መርከቧ ግን ማንም ስለ ወደፊት ዕጣዋ ኃላፊነት ሳይወስድ እንደገና ወደ ገበያ ወጣች።

ከ1964 እስከ 1980 ባሉት ዓመታት በምዕራባዊው ጠረፍ ከእጅ ወደ እጅ ተዘዋወረች። በእነዚህ ዓመታት ስለ መርከቧ ሊነገር የሚችለው ዋናው ነገር እያረጀች መሄዷ ነው።

በመንግሥት ጥበቃ ሥር መስጠም

በ1980 የአሜሪካ ጉምሩክ አገልግሎት ፖቶማክን በሳን ፍራንሲስኮ ወደብ ያዛት። ምክንያቱም የአደገኛ ዕፅ አዘዋዋሪዎች ለሥራቸው መሸፈኛ አድርገው ይጠቀሙባት ስለነበር ነው። ኮንትሮባንዲስቶችን በሚያሳድዱ መርከቦች ንድፍ የተሠራች መርከብ ከ46 ዓመታት በኋላ በኮንትሮባንድ ተይዛ መቆሟ የዕጣ ግጥምጥሞሽ ነው።

ከተያዘች በኋላ በሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ መካከል ወደምትገኘው ወደ ትሬዠር አይላንድ ተጎትታ ተወሰደች። ይህች ደሴት ለ1939ኙ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን በሰው እጅ የተሠራች ስትሆን በወቅቱ የባሕር ኃይል ጣቢያ ነበረች። መርከቧ በዚያ ታስራ ሳለች ቀፎዋ ተበሳ፤ በመጋቢት ወር 1981 ሰጠመች። ለሁለት ሳምንታት ያህል ከውሃ ሥር ከቆየች በኋላ የባሕር ኃይሉ አንሥቶ አንሳፈፋት።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ጉዳይ አለ። ፖቶማክ በካሪቢያንና በፓሲፊክ ውሃ ላይ በግለሰቦች እጅ 20 ዓመታት ስትንከራተት አልሰጠመችም። የሰጠመችው በሕግ በተያዘችበት፣ በባሕር ኃይል ጣቢያ፣ በመንግሥት ጥበቃ ሥር በነበረችበት ጊዜ ነው። ለዚህ አንድን ባለሥልጣን መውቀስ አስፈላጊ አይደለም። በሕግ ማስከበር ሥራ የሚያዝ ንብረት በአብዛኛው እንደ ማስረጃ ወይም እንደ ውርስ ዕቃ ይቆጠራል። መኪና ከሆነ በግቢ ይቆማል፤ ሸቀጥ ከሆነ መጋዘን ይገባል። ለሁለቱም ቁልፍና መዝገብ ይበቃቸዋል። መርከብ ግን ቁልፍና መዝገብ አይበቃውም። በመዝገቡ ላይ «አንድ መርከብ» ተብሎ በትክክል ተጽፎ እያለ መርከቡ ከውሃ በታች ሊሆን ይችላል። የፖቶማክ ጉዳይ ይህንኑ በተግባር አሳይቷል። ዕቃውን የያዘው ክፍል፣ ሥፍራውን የሚያስተዳድረው ክፍልና የታሪካዊ ቅርስ ጥበቃን የሚመለከተው ክፍል የተለያዩ ሲሆኑ፣ ፓምፑን የሚያየው ማን እንደሆነ አስቀድሞ ካልተወሰነ ማንም አያየውም።

የኦክላንድ ወደብ ውሳኔ

ከውሃ የወጣችው መርከብ ለሽያጭ ስትቀርብ የኦክላንድ ወደብ አስተዳደር በ15 ሺህ ዶላር ገዛት። ዋጋው ኤልቪስ ከ17 ዓመታት በፊት ከከፈለው ከሦስት እጅ አንዱን እንኳ አይሞላም። የወደብ አስተዳደሩ የከተማዋ የሕዝብ ተቋም ሲሆን፣ የራሱ የመርከብ ማቆሚያ፣ የራሱ ባለሙያዎችና ከመርከብ ኩባንያዎች ጋር የቆየ የሥራ ግንኙነት ነበረው። ከ1945 ወዲህ መርከቧን ከተረከቡት ሁሉ፣ ከሜሪላንድ በስተቀር፣ መርከብ መያዝ መደበኛ ሥራው የሆነ ባለቤት እርሱ ብቻ ነበር ማለት ይቻላል።

የማደሱ ሥራ 12 ዓመታት ፈጅቷል። የወደብ አስተዳደሩ፣ የሠራተኛ ማኅበራት፣ የባሕር ትራንስፖርት ኩባንያዎችና በጎ ፈቃደኞች የተሳተፉበት ሲሆን አጠቃላይ ወጪው 5 ሚሊዮን ዶላር ደርሷል። መርከቧን የሚያስተዳድር ለትርፍ ያልተቋቋመ ማኅበርም ተመሥርቷል። ከበጎ ፈቃደኞቹ መካከል በርካቶቹ በመርከብ ሥራ ያሳለፉ ጡረተኞች ናቸው። በ1990 መርከቧ በአሜሪካ ብሔራዊ ታሪካዊ ቅርስነት ተመዘገበች፤ በ1995 ክረምትም ለሕዝብ ተከፈተች።

የዘመን አቻዎቿ ዕጣ

የፖቶማክን ዕድል በትክክል ለመገመት በዚያው ዘመን ፕሬዚዳንቶችን ያገለገሉ ሁለት መርከቦችን ማየት ይጠቅማል።

ፖቶማክን የተካችው ዊሊያምስበርግ በ1930 አራስ በሚል ስም ለግለሰብ የተሠራች ነበረች። ትሩማን በእጅጉ ይወዷት የነበረ ቢሆንም ተተኪያቸው አይዘንሃወር በ1953 ከአገልግሎት እንድትወጣ አዝዘዋል። በ1960ዎቹ አንቶን ብሩን ተብላ በዓለም አቀፉ የሕንድ ውቅያኖስ የሳይንስ ጥናት ተሰማርታ ጠቃሚ ሥራ ሠርታለች። ከዚያ በኋላ ግን ተንሳፋፊ ምግብ ቤት ሆነች። በ1993 ለቅንጡ መንገደኞች ማጓጓዣነት ልትታደስ ወደ ጣሊያን ተወሰደች፤ እድሳቱ ግን አልተከናወነም። ላ ስፔዚያ ወደብ ላይ ለብዙ ዓመታት ዝጋ ከቆየች በኋላ በ2016 ተቆራርጣ ለቁርጥራጭ ብረት ዋለች።

የእንጨቷ ሴኮያ ታሪክ ደግሞ ከዚህ ይለያል። በ1925 በኒው ጀርሲ ግዛት ለግለሰብ የተሠራች ስትሆን፣ በ1931 የንግድ ሚኒስቴር የኮንትሮባንድ መጠጥ ለመቆጣጠር ገዛት። ከፕሬዚዳንት ሁቨር ጀምሮ በርካታ ፕሬዚዳንቶች ተገልግለውባታል። ጆን ኬኔዲ የመጨረሻ የልደት በዓላቸውን በግንቦት ወር 1963 ያከበሩት በእርሷ ላይ ነው፤ ሪቻርድ ኒክሰንም አዘውትረው ይሳፈሩባት ነበር። በ1977 ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር ወጪ ለመቆጠብ እንድትሸጥ አዘዙ፤ በጨረታም በ286 ሺህ ዶላር ተሸጠች። ለመንግሥት ወጪው በእርግጥ ቀርቷል። መርከቧ ግን ከዚያ ወዲህ ከአንዱ ባለቤት ወደ ሌላው እየተላለፈች፣ በዕዳና በክስ እየተጓተተች ኖራለች። በ2016 የዴላዌር ግዛት ፍርድ ቤት ጉዳዩን ሲወስን መርከቧ በቨርጂንያ አንድ የመርከብ መጠገኛ ውስጥ በመበላሸት ላይ እንደነበረችና የዱር እንስሳት መግቢያ መሆኗን በውሳኔው ጠቅሷል። አበዳሪው ድርጅት መርከቧን ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንዲረከብም ፈቅዷል። በ2019 በጀልባ ላይ ተጭና ለእድሳት ወደ ሜይን ግዛት ተወስዳለች።

ሴኮያ ከ1987 ጀምሮ ልክ እንደ ፖቶማክ በብሔራዊ ታሪካዊ ቅርስነት የተመዘገበች ናት። ምዝገባው ግን ከእነዚህ ሁሉ አላዳናትም። በአሜሪካ ሕግ መሠረት እንዲህ ያለው ምዝገባ ክብርና አንዳንድ የድጋፍ ዕድሎችን ይሰጣል እንጂ፣ የፌዴራል ገንዘብ ወይም ፈቃድ እስካልገባበት ድረስ የግል ባለንብረቱ ቅርሱን እንዲጠግን አያስገድድም። በአገራችንም ሆነ በሌሎች አገሮች «ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል» የሚለው ሐረግ የጥበቃ ሥራው እንደተጠናቀቀ ተደርጎ ሲወሰድ ይታያል። ሴኮያ በዚህ ረገድ ጥሩ ማሳያ ናት።

ሁለቱንም ከፖቶማክ ጋር ስናነጻጽር በመጀመሪያ ሽያጭ ወቅት ከሦስቱ ከፍተኛ ትኩረት የተሰጣት ሴኮያ ነበረች። በ1981 ከባሕር ሥር የወጣችው ፖቶማክ ግን ለማንም የምታጓጓ አልነበረችም። ምናልባትም የጠቀማት ይህ ሊሆን ይችላል። ስሟን ለትርፍ ሊጠቀምበት የሚፈልግ ገዢ ባልነበረበት ሰዓት፣ የሚያቆምበት ሥፍራና የሚጠግንበት ባለሙያ ያለው የሕዝብ ተቋም ወሰዳት።

አሁን ፖቶማክ በጃክ ለንደን አደባባይ የጎብኚዎች መዳረሻ ናት። ከወደቧ ተነሥታ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ መንገደኞችን ይዛ የምትወጣባቸው ጊዜያትም አሉ። ወደ ውስጥ የሚዘልቁ ጎብኚዎች የፕሬዚዳንቱን መኝታ ክፍልና በኋለኛው ወለል ላይ የሚገኘውን ግማሽ ክብ መቀመጫ ያያሉ። ወደ ሐሰተኛው ጭስ ማውጫም ተጠግተው፣ ሩዝቬልት በእጃቸው እየሳቡ ይወጡበት የነበረውን አሳንሰር ይመለከታሉ።